ወንድም አህያ

አዲስ አበባ ላይ ጸጥታ ብርቅ ከሆነ ቆይቷል። የኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ቀን ግድግዳ ሲበሳ ይውላል፤ ማታ ደግሞ የሰቀለው ነገር ይጣመምበታል መሰለኝ፣ ነቅሎ እንደገና ይበሳል። ከላይ ያሉት ልጆች ሳሎናቸውን ሜዳ አድርገውታል። ከታች ያለው ምግብ ቤት ለደንበኞቹ የሚከፍተውን ዘፈን እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ በቃሌ ይዤዋለሁ። እንዲህ የሚኖር ሰው መጨረሻው ሱባኤ መመኘት ነው፤ ተመኘሁ።

ሱባኤ ልግባ ያለ ሰው ደግሞ መካሪ አያጣም። አንዱ ዝቋላ ይላል፣ አንዱ ደብረ ሊባኖስ፤ አንዱ ስልክህን አጥፍተህ ቤትህ ተኛ ይላል። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ወዳጄ ግን፣ «የምን ዝቋላ ነው አቦ! ድሬ ሂድና ካፑቺኖቹ ዘንድ አርፈህ ተቀመጥ» አለኝ። ካፑቺኖቹ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ልጆች ናቸው፤ ቡናማ ቀሚስ የሚለብሱ፣ ወገባቸውን በነጭ ገመድ የሚታጠቁ የካቶሊክ መነኮሳት። «እኔ እኮ ኦርቶዶክስ ነኝ» ብለው፣ «እነሱ የሚጠይቁህ ምሳ በልተህ እንደሆነ ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ የድሬ ሙቀት ለሰው የሚያዝንበት ወር። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል መሆኑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ እኔም አላጣሁትም። ቁልቢ የሚሄድ ወደ ቁልቢ፣ ድሬ የሚሄድ ወደ ድሬ በሚል ሒሳብ ግን በዋዜማው ለመጓዝ ትኬቴን ቆረጥኩ። ሒሳቡን ያፈረሰው ካርታው ነው። በአዋሽ፣ በጭሮና በሂርና አድርጎ የሚሄደው መንገድ ቁልቢን ሳያልፍ ደንገጎን ወርዶ ድሬዳዋ አይገባም።

አውቶቡሱ ውስጥ ስለት የሌለብኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ለታቦቱ የሚሰጡትን ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ በጉልበታቸው መሃል አቁመው ነው የሚጓዙት። አዋሽን ስንሻገር፣ «አንተስ ልጄ፣ ስለትህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ስለት የለብኝም እማማ። ትንሽ ዝም ልል ነው የምሄደው።»

ጥቂት አሰቡና፣ «ገብርኤል ዘካርያስን ዝም ያሰኘው እኮ በቅጣት ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ጭሮ ድረስ ዝም አላልኩም።

ቁልቢ ገና ከሩቁ መንገዱ መኪናና ሰው ብቻ ሆነ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ፤ «ከዚህ ወዲያ መልአኩ ያውቃል» አለና ወንበሩን ለጥጦ ተኛ። ደጋ ነው፣ ታኅሣሥ ነው፣ ሌሊት ነው። እኔ የለበስኩት ለድሬ ነበር፦ ስስ ሸሚዝና ነጠላ ጫማ። እናትዬዋ የጋቢያቸውን ግማሽ አካፈሉኝ፤ የጋቢው ግማሽ ወደ እኔ ሲዞር እኔም ወደ ስለታቸው ዞርኩና ጥላውን ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ። ራስ መኮንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው ከድሉ በኋላ እንዳሠሩት በሚነገርለት ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ጸጥታ ፍለጋ የወጣው ሰውዬ በእልልታና በከበሮ መካከል ቆሞ አነጋ። ስለቱ የደረሰለት ያለቅሳል፣ ያልደረሰለት ያለቅሳል፤ ሕፃን አዝሎ የመጣ አምና እንዲህ ብትሰጠኝ ብዬ ነበር እያለ ለማያውቀው ሰው ይተርካል። የማያውቀው ሰው ብዙውን ጊዜ እኔ ነበርኩ።

በነጋታው ደንገጎን ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፣ ሸሚዜ ልክ መጣ። ድሬዳዋ ራሷ ዳገት መውጣት አቅቶት የቆመ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው፤ ተራራው እምቢ ሲል እ.ኤ.አ. በ1902 ከሥሩ ሜዳው ላይ ደረሰና ቀረ፤ ሜዳው ከተማ ሆነ። ከዚያ አዲስ አበባ እስኪገባ 15 ዓመት ፈጅቶበታል። ስለዚህ ዕቅዱ መንገድ ላይ የተሰናከለበት ሰው ድሬ ሲደርስ ባዕድነት አይሰማውም።

የግቢው አለቃ በር ላይ ተቀበሉኝ። ሸበቶ፣ ሳቂታ፣ ቀሚሳቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ አባት ናቸው። «ምሳ በልተሃል?» አሉ። ወዳጄ ዋሽቶ አላስቀረኝም። ቀጥለው፣ «ያዘጋጀንልህን ክፍል ከቁልቢ ከነልጆቿ ለመጣች እናት ሰጠናት። አንተ ብቻህን ስለሆንክ ቦታ አናጣልህም» አሉኝ። ያላጡልኝ ቦታ የገና ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል ነው። አፍንጫው የተሸረፈ ዮሴፍ፣ አንድ ክንፍ የቀረው መልአክ፣ ከጣውላ ተቆርጦ ቀለም የተቀባ በሬ። በሬው ፊቱን ወደ ፍራሼ አዙሮ ቆሟል። አዞርኩት። ጠዋት ስነሣ ተመልሶ እኔን ያያል፤ ሌሊት ጋቢ ሊያለብሰኝ የገባ ሰው ገፍቶት ኖሯል።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ግን ልብ ያሳርፋል፦ የማለዳ ጸሎት፣ ቅዳሴ፣ ቁርስ፣ ሥራ፣ የቀትር ጸሎት፣ ምሳ፣ ዕረፍት፣ የሠርክ ጸሎት፣ እራት፣ የመኝታ ጸሎት። «ሥራ» የምትለዋ እንግዳን የምትመለከት አልመሰለችኝም። ከቁርስ በኋላ የእንግዳ ቤቱ ኃላፊ፣ በእኔ ዕድሜ ያሉ ወንድም፣ አንድ ባልዲ ድንችና ቢላዋ ይዘው መጡ።

«እኔ የመጣሁት ለጸሎትና ለዝምታ ነበር» አልኩ።

«እኛም» አሉና ቢላዋውን ሰጡኝ።

ድንቹን እየላጥን ትምህርት ሆነ። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ከሰው ርቀው መጸለይ ለሚፈልጉ ወንድሞች የጻፈላቸው አጭር ደንብ አለ። ሦስት ይሁኑ፣ ቢበዛ አራት ይላል። ሁለቱ እናቶች፣ የቀሩት ልጆች ይባላሉ። እናቶቹ የማርታን ድርሻ ይይዛሉ፣ ልጆቻቸውን ይመግባሉ፣ ከሚመጣባቸው ሰው ይጠብቃሉ፤ ልጆቹ የማርያምን ድርሻ ይዘው ይጸልያሉ። ደግሞ በየተራ ይለዋወጣሉ።

«ብቻውን የሚሆነውስ?» አልኩ።

«እሱ ደንቡ ውስጥ የለም።»

«እንግዲያው እኔ ከልጆቹ ነኝ፤ ከማርያም ወገን።»

«ትሆናለህ» አሉ፣ ባልዲውን ወደ እኔ እየገፉ። «ድንቹ ሲያልቅ።»

ድንቹ አያልቅም። እኔ የነቢያት ጾም ላይ ነበርኩና ድንቹ ለእኔም ጭምር መሆኑ ትንሽ አጽናናኝ። ወንድምዬው ይህንንም በደንብ አስደገፉት፦ እ.ኤ.አ. በ1223 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኦኖርዮስ ሦስተኛ ያጸደቁት የፍራንቸስኮስ ሕግ ወንድሞች ከቅዱሳን ሁሉ በዓል እስከ ልደት ይጹሙ ይላል። የእኛ ኅዳር 15 ይጀምራል፣ የእነሱ ቀደም ብሎ፤ መጨረሻው ግን ገና ነው። እዚያው ምዕራፍ ላይ ደግሞ የቀረበላቸውን ሁሉ መብላት ይችላሉ የሚል አለ። «ሁለቱን እንዴት ታስታርቁታላችሁ?» ብላቸው፣ «ወጥ ቤት የያዙትን እናት በማስደሰት» አሉኝ።

በከተማዋ ስላሳለፉት ዘመን ሲያወሩም አይጣደፉም። የካፑቺኖቹ ነገር በዚህ አገር ከድሬዳዋ ይቀድማል። ጣሊያናዊው ጉልየልሞ ማሳያ፣ ያገራችን ሰው አቡነ መስያስ የሚላቸው፣ ለኦሮሞ አገር እ.ኤ.አ. በ1846 ተሹመው ዓባይን ተሻግረው ጉድሩ የገቡት በ1852 ነው። «አንተ አንድ ሌሊት ቁልቢ ብታድር ታማርራለህ» አሉኝ ወንድምዬው። አቡነ መስያስ የፈንጣጣ ክትባት ይዘው እየዞሩ፣ እየታሰሩ፣ እየተባረሩ ኖረው፣ በመጨረሻ አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1879 ከአገር አስወጧቸው፤ ሮም ካርዲናል አደረገቻቸው፤ የ35 ዓመት ትዝታቸውን በ12 ጥራዝ ጻፉት። ከእሳቸው ወዲህ የመጡት ፈረንሳዊው አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ ሐረር ላይ ተቀምጠው የራስ መኮንንን ልጅ ተፈሪን አስተማሩ። አብረዋቸው ያስተማሩት አባ ሳሙኤል በ1907 ዓ.ም. ሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰጥሞ ሞቱ። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ወንድሞቹ ቅዱስ አልዓዛር የተባለ ማተሚያ ቤት ነበራቸው፤ ሐረር ካሉት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጋር ከነበራቸው ሥራ የበቀለ ነው። የአልዓዛርን ስም በአጋጣሚ አልያዘም፤ የቁስለኞች ጠባቂ እሱ ነው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድም ብቻውን ሱባኤ የገባ ሰው አላገኘሁም።

የፈለግኩትን ጸጥታ ያገኘሁት ከግቢው ውጭ ነው። ድሬ ላይ ከቀትር በኋላ ከተማው ራሱ ይመነኩሳል። ከስድስት ሰዓት ገደማ ጀምሮ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ የከዚራ ዛፎች ሥር ሰው ጋደም ይላል፤ በየቤቱ በርጫ ተዘርግቶ ወሬው ዝቅ ባለ ድምፅ ይፈሳል። አዛኑ በሰዓቱ፣ የገብርኤል ማይክ በሰዓቱ፣ የወንድሞቹ ደወል በሰዓቱ ይሰማል፤ ከዚያ መልሶ ዝም። ማንም ማንንም ዝም በል አላለውም፤ ሁሉም አብሮ ዝም አለ። አዲስ አበባ ላይ ያጣሁት ድምፅ የሌለበትን ቦታ ሳይሆን አብሮ የሚያርፍ ጎረቤት መሆኑን አንድ ቀትር ላይ ግንብ ተደግፌ አሰብኩት። አስቤ ሳልጨርስ የግቢው አለቃ ጠሩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1223 ግሬቾ በምትባል የጣሊያን መንደር ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ገናን ለየት ባለ መንገድ አከበረ። ጆቫኒ የተባለ የአካባቢው ባላባት በሬና አህያ፣ ግርግምና ሣር አዘጋጀለት፤ ግርግሙ ላይ ቅዳሴ ተቀደሰ፤ እሱ ዲያቆን ስለነበረ ወንጌሉን አዜመ። በዓለም ላይ በገና የሚደረደረው የበረት ሥዕል ሁሉ ዝናውን ያገኘው ከዚያ ሌሊት ነው። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ቶማስ ዘቸላኖ፣ ከዚያ በረት የተረፈው ሣር የታመሙ ከብቶችን ይፈውስ ነበር ይላል። አለቃው ታዲያ፣ «ዘንድሮ እኛም ነፍስ ያለው እንስሳ እናቁም» አሉ። በሬ ኪስ ይጎዳል፤ የጣውላው ይበቃል። አህያ ግን ድሬ ላይ ሞልቷል። «አንተ የድርድር ሰው ትመስላለህ» ብለው ምንኩስናን ገና ከጀመረ አንድ ወጣት ጋር ወደ ቀፊራ ገበያ ላኩኝ።

የደረስነው ቀትር ላይ ነው። አንድ ባለ አህያ ግንብ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን ይቀነጥሳል። «አህያውም አርፏል፣ እኔም አርፌያለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ና» አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት መጣሁ።

«ምን ሊጭን ነው?»

«ምንም። ይቆማል።»

«ይቆማል?» አህያውን አየው፣ እኔን አየኝ። «የሚጭን አህያ ሲያራግፍ ያርፋል። ቆሞ የሚውል አህያ መቼ ሊያርፍ ነው አቦ? ዋጋው ይጨምራል።» ለነቢዩ ዒሳ ልደት መሆኑን ስነግረው፣ «እሱማ የኛም ነቢይ ነው፤ እቀንሳለሁ» አለ። የቀነሰው ቀድሞ ከጨመረው ላይ ነው።

ከቀፊራ ግቢው ወዳለበት ከዚራ ለመምጣት ደቻቱን መሻገር አለ። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ሳይታሰብ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰዎች አልቀውበታል። ወጣቱ መነኩሴ ታኅሣሥም ሆኖ፣ ሰማዩም ጠርቶ፣ አሸዋውን ከመርገጡ በፊት ሽቅብ ወደ ተራራው አየ። አህያው ደግሞ አሸዋው መሃል ሲደርስ ቆመ። ሳብኩት፤ ያረጀው ገመድ ተበጠሰ። አህያው የሚያውቀው መንገድ ወደ ሰፈሩ የሚወስደውን ነውና ሰፈሩን አቅንቶ ሄደ፤ እኛ ከኋላ፣ ልጆች ከእኛ ኋላ። «የአህያ ባል!» ብሎ የጀመረው ልጅ ተረቱን ለመጨረስ ጅቡ ማን እንደሚሆን ሲከራከር ነው አህያውን የደረስንበት።

ወጣቱ የወገቡን ገመድ ፈትቶ አንገቱ ላይ አሠረለት። ያ ገመድ ሦስት ቋጠሮ አለው፤ ድኽነት፣ ንጽሕና፣ ታዛዥነት። አህያው ሁለቱን ከተፈጥሮው ይዟል፤ ሦስተኛውን ያን ዕለት አላየሁበትም። ወጣቱ እየሳቀ መጣና ድንገት ሳቁን ገታ፤ እ.ኤ.አ. በ1638፣ በአፄ ፋሲል ዘመን፣ አጋታንጆና ካስያኖ የተባሉ ሁለት ካፑቺኖች ጎንደር ላይ ሲሰቀሉ የተሰቀሉት በገዛ ገመዳቸው እንደሆነ ይነገራል አለኝ። ገመዱን ከአህያው አንገት ላይ ትንሽ ላላ አደረገው። አንዳንድ ታሪክ እንዲህ መንገድ ላይ ያገኝሃል፤ ምን ማለት እንዳለብህ አታውቅም፤ አህያውን ትነዳለህ።

አህያው ግቢ ከገባ በኋላ ከእኔ ሌላ ሰው አላስጠጋም። ሣሩን የማቀርብለት እኔ፣ ውኃ የማጠጣው እኔ። ስለዚህ የመመለሻዬ ቀን ሲደርስ አለቃው፣ «ገናን አብረኸን ዋል፤ የለመደው አንተን ነው» አሉ። ለባለቤቴ ደወልኩ።

«ገናን ከአህያ ጋር ልታከብር ነው?»

«ኢየሱስም እንደዚያ ነው የተወለደው።»

«እሱ እናቱ አብራው ነበረች» አለችና ስልኩን ዘጋችው። ተራ በተራ ሁሉም ሰው ያንኑ ደንብ ያነብልኝ ጀመር።

ታኅሣሥ 28 ማታ ግቢው ሞላ። ምእመናኑ፣ የሰፈሩ ልጆች፣ አህያውን ለማየት ብቻ የመጡ ሙስሊም ጎረቤቶች፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት ጎራ ያሉ ኦርቶዶክሶች። ዮሴፍ አፍንጫው በሰም ተቀጥሎለታል። አህያው በጣውላው በሬ አጠገብ ቆሟል፤ እኔ ከበረቱ ኋላ ጎንበስ ብዬ ገመዱን ይዣለሁ። ፍራንቸስኮስ የገዛ ሰውነቱን «ወንድም አህያ» ይለው እንደነበር አለቃው በስብከታቸው አነሡ፤ ሕዝቡ ሳቀ። አህያው በዚህ መሃል በሬውን አሸተተው። በሬው መልስ አልሰጠም። ደግሞ አሸተተው። መዘምራኑ «ክብር ለእግዚአብሔር በአርያም» ብለው ሲነሡ፣ አንገቱን ወደ ላይ ዘርግቶ ሙሉ ድምፁን ለቀቀው።

አህያ ሲጮኽ ከሩቅ ሰምተን ይሆናል፤ ገመዱን ይዞ ከሥሩ ለተቀመጠ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። መዘምራኑ ጸኑ፤ እሱም ጸና። ከደቻቱ ማዶ አንድ አህያ መለሰ። ቀጥሎ ሌላ። ውሾቹ ተቀበሉ፤ ሕፃናቱ አለቀሱ፤ አለቃው መቅደሱ ፊት ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ቆሙ፤ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ ከኋላ አይለይም። መልስ ሲያገኝ አህያው ዝም አለ፤ ዝም ብሎም የበረቱን ሣር እስከ መጨረሻው በላ። ከብት ይፈውሳል ለተባለው ሣር ቀድመው ቃል ያስያዙ ሁለት እናቶች ባዶ ግርግም አዩ።

ጠዋት ባለቤቱ ሊወስደው መጣ። የሌሊቱን ነገር ከወጥ ቤት እናት ሰምቶ ነበር። አለቃውን አንቱ ሳይል፣ ድሬ እንደሚነጋገረው፣ «ብቻውን አቁማችሁት ነዋ!» አለ። «አህያ ብቻውን አይሆንለትም። ያን ጣውላ ጓደኛ ነው ብላችሁ ብታመጡለት ያምናችኋል? ከርሞ ሁለት አመጣለሁ፤ ትንፍሽ አይሉም።»

አለቃው ደንባቸውን ከሌላ ሰው አፍ የሰሙ ያህል ፊታቸው በራ፤ እዚያው በሁለት አህያ ዋጋ ተስማሙ። ባለ አህያው ስለ ብቸኝነት ያስረዳው እውነት ስለሆነ ነው ወይስ ሁለተኛውን አህያ ለማከራየት፣ እስካሁን ለይቼ አላውቅም። ለከርሞው ግን ገመድ ያዡ ማን እንደሆነ ሁለቱም ያለ አንዳች ክርክር ተስማምተውበታል።